ቪዲዮ በቤት ዋይፋይ ላይ ሲቆራረጥ፦ ችግሩ የት እንዳለ ማግኛና ማስተካከያ መመሪያ

ፊልሙ ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ሲደርስ ያቺ ክብ ብቅ ትልና መሽከርከር ትጀምራለች። አንዱ ተነስቶ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል። ለጥቂት ጊዜ ይስተካከልና ችግሩ ይመለሳል። መሰላቸት ሲመጣ ከፍ ያለ ፓኬጅ ይገዛል። ክቧ ግን አትለቅም።

እንዲህ የሚሆነው ችግሩ የት እንዳለ ሳይጣራ መፍትሔ ስለሚፈለግ ነው። አንድ ቪዲዮ ስክሪናችሁ ላይ እስኪደርስ አራት ቦታዎችን ያልፋል። የመጀመሪያው የቪዲዮ አቅራቢው ሰርቨር ነው። ሁለተኛው እስከ ቤታችሁ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር ነው። ሦስተኛው ከራውተሩ እስከ መሣሪያችሁ ያለው ዋይፋይ ነው። አራተኛው ቲቪው፣ ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ራሱ ነው። ከአራቱ የትኛውም ቢበላሽ የምታዩት ምልክት ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ ክቧ ትዞራለች። ስለዚህ ሥራችን ምንም ነገር ከመግዛታችን በፊት ጥፋተኛውን መለየት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ። ራውተሩን ሪስታርት ለማድረግ አትቸኩሉ። ሪስታርት ማድረግ አንዳንዴ ይረዳል፤ ግን ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋል። ችግሩ እየታየ ባለበት ሰዓት ነው መመርመር ያለበት።

ክቧ የምትመጣው መቼ ነው?

የቪዲዮ ማጫወቻ የመጣለትን ወዲያው አያሳይም። ከፊት ያለውን ክፍል አስቀድሞ እያወረደ ያጠራቅማል። ጣሪያ ላይ እንደተቀመጠ የውሃ ታንከር አስቡት። ዋናው ውሃ ለአፍታ ቢቋረጥም ታንከሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ከታች ያለው ሰው አይሰማውም። ክቧ የምትመጣው የተጠራቀመው ሲያልቅ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ቪዲዮ የሚፈልገው ከፍተኛ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የማይቆራረጥ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚሰጥ ግን በየደቂቃው ለ20 ሰከንድ የሚጠፋ ዋይፋይ፣ ረጋ ብሎ 10 ሜጋቢት ከሚሰጥ መስመር ሊብስ ይችላል። የቀጥታ ስርጭት ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይቆማል። ገና እየተካሄደ ያለ ጨዋታ አስቀድሞ ሊጠራቀም ስለማይችል ማጫወቻው የሚይዘው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ሌላም ፍንጭ አለ። የዛሬ ማጫወቻዎች ፍጥነት ሲቀንስ ኳሊቲውን በራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ። ምስሉ ሳይቆም ደብዘዝ ብሎ ከቀጠለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ በቋሚነት አንሷል ማለት ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ካለ ግን የሆነ ነገር እየተቆራረጠ ነው።

ደረጃ 1፦ ኔትወርኩ ነው ወይስ መሣሪያው?

ዩቲዩብን ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱና ቪዲዮው ላይ በማውሱ ቀኝ ክሊክ አድርጉ። ከሚመጣው ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚል አለ። ስትጫኑት ጥቁር ሳጥን ይከፈታል። ብዙ ቁጥር አለው፤ አትደንግጡ። የምንፈልገው ሁለቱን ብቻ ነው።

አንዱ «በፈር ኸልዝ» ነው። ከፊት ስንት ሰከንድ እንደተጠራቀመ ይናገራል። ሁለተኛው ሳይታዩ የተዘለሉ ፍሬሞች፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች፣ ቁጥር ነው። አሁን ቪዲዮውን እያጫወታችሁ ተመልከቱ። በፈሩ ከ30 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 8 እየወረደ ዜሮ ሲገባ ክቧ ከመጣች ዳታው እየደረሰ አይደለም። ወደ ደረጃ 2 እለፉ።

በፈሩ ሞልቶ ሳለ ምስሉ እየዘለለና እየተንቀጠቀጠ የተዘለሉት ፍሬሞች ቁጥር ከጨመረ ግን ኔትወርኩ ነፃ ነው። መሣሪያው ቪዲዮውን መፍታት አቅቶታል። ይህ በተለይ ቆየት ባሉ ቲቪዎችና ላፕቶፖች ላይ ይታያል። አዳዲስ ቪዲዮዎች ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 በሚባሉ አሠራሮች ተጨምቀው ይላካሉ። የቆየ መሣሪያ እነዚህን የሚፈታ የራሱ ቺፕ ከሌለው ሥራው ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ኳሊቲውን ከ4ኬ ወደ 1080ፒ ወይም ወደ 720ፒ ስታወርዱት ከተስተካከለ ምርመራው እዚሁ አለቀ። ብራውዘሩ ላይ ሃርድዌር አክስለሬሽን (ቪዲዮ የመፍታቱን ሥራ ለቺፑ የሚሰጠው ሴቲንግ) መብራቱን ደግሞ እዩ።

ቲቪው ላይ ብቻ ከሆነ የሚያስቸግረው፣ ከዚያው ቦታ ሳትንቀሳቀሱ ያንኑ ቪዲዮ በስልካችሁ ሞክሩ። ስልኩ ላይ ያለ ችግር ከሄደ ቲቪውን ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩት። በሪሞት ማጥፋት ብዙውን ጊዜ ማስተኛት ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም። ከዚያ አፑን አፕዴት አድርጉ፣ ካሹን (አፑ ያጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል) አጽዱ፣ የቲቪው ሜሞሪ ሞልቶ እንደሆነም እዩ።

አንድ አፕ ብቻ እየቆመ ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነስ? ችግሩ ምናልባት የአቅራቢው ነው። ቪፒኤን ካበራችሁ አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ ቪፒኤን መንገዱን ያስረዝመዋል። ካልሆነ መታገሥ ነው።

ደረጃ 2፦ የሚያስፈልጋችሁን ፍጥነት እወቁ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ያወጣል። ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው ለ480ፒ 1.1፣ ለ720ፒ 2.5፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ 15 ይላል። ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታዩትን ደምሩና ትንሽ ትርፍ ጨምሩበት። ሜጋቢትና ሜጋባይትን አታምታቱ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው።

የ50 ሜጋቢት መስመር ኖሯችሁ አንድ የ1080ፒ ፊልም የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ፓኬጅ አትጨምሩ። የከፈላችሁበት ፍጥነት ቲቪው ጋ እየደረሰ አይደለም።

ደረጃ 3፦ በኬብል ሞክሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰኩት። የላፕቶፑን ዋይፋይ ማጥፋት እንዳትረሱ፤ ካልጠፋ በየትኛው እየሄደ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ፣ በሚቆራረጥበት ሰዓት አጫውቱ።

በኬብል ካልተቆራረጠ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። በኬብልም ከተቆራረጠ ዋይፋዩ ነፃ ነው፤ ወይ መስመሩ ነው ወይ ቤት ውስጥ መስመሩን የሚያጨናንቅ ሌላ ነገር አለ።

የኬብል መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ ከሌለ ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ሞክሩ። የኬብሉን ያህል አስተማማኝ ባይሆንም ብዙ ይናገራል።

ፍጥነቱን ለመለካት ፋስት ዶት ኮምን ክፈቱ። የኔትፍሊክስ ነው፤ የሚለካውም ከራሱ ሰርቨሮች ስለሆነ ለቪዲዮ ጉዳይ ይመቻል። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ተጨማሪ መረጃ የሚለውን ስትጫኑ መስመሩ ሥራ ሲፈታና ሲጨናነቅ የሚኖረውን መዘግየት ለየብቻ ያሳያችኋል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን። አንዴ በኬብል፣ አንዴ ቲቪው ካለበት ቦታ በዋይፋይ ለኩ። ጠዋት የተለካ ፍጥነት ስለ ማታው አይናገርም። ቪዲዮው የሚቆመው ማታ ከሆነ ማታ ለኩ።

ደረጃ 4፦ በፒንግ እጅ ከፍንጅ መያዝ

የፍጥነት መለኪያ አማካይ ነው የሚሰጠው። ድንገት መጥቶ የሚሄድ ችግር ያመልጠዋል። እኔ በጣም የምወደው ምርመራ ፒንግ ነው፤ ምንም አያስከፍልም። ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ የሚለካ ትእዛዝ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ሁለት ጊዜ ክፈቱ፤ ሁለት ጥቁር መስኮት ጎን ለጎን ይኑራችሁ። በመጀመሪያው ላይ ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ የራውተሩን አድራሻ አስከትሉ። አድራሻው ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በሁለተኛው ላይ ፒንግ ብላችሁ 8.8.8.8 ጻፉ፤ ይህ የጉግል ሰርቨር ነው። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ሰረዝና ቲ የምትባለዋን ፊደል ጨምሩ፤ ያለዚያ አራት ጊዜ ሞክሮ ያቆማል። ማክ ላይ ይህ ጭማሪ አያስፈልግም፤ እስክታስቆሙት ይቀጥላል።

አሁን በዚያው ላፕቶፕ፣ በዋይፋይ፣ ቲቪው አጠገብ ተቀምጣችሁ ቪዲዮውን አጫውቱ። መስኮቶቹ ላይ በየሰከንዱ አንድ መስመር ይጨመራል። ራውተሩ ጤነኛ ከሆነ 2፣ 3፣ 2፣ 5 ሚሊሰከንድ እያለ ይሄዳል። የጉግሉ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ዋናው ነገር መረጋጋቱ ነው። ክቧ ስትመጣ ወዲያው ወደ መስኮቶቹ ተመልከቱ።

የራውተሩ መስኮት 3፣ 2 ሲል ቆይቶ 280፣ 640 ብሎ ከዘለለ ወይም «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» (መልስ አልመጣም) ካለ ዋይፋዩን ያዛችሁት። ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለችው አጭር መንገድ ናት የተበላሸችው። የራውተሩ ተረጋግቶ የጉግሉ ብቻ ከዘለለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ሁለቱም ተረጋግተው ክቧ ከዞረች ወይ አቅራቢው ነው ወይ መሣሪያው። ያያችሁትን በስልካችሁ ፎቶ ማንሳት ለኋላ ይጠቅማል፤ ይህንን ማስረጃ ይዞ መከራከር ይቻላል።

ደረጃ 5፦ ጥፋተኛው ዋይፋዩ ሲሆን

ከቦታ ጀምሩ። ራውተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቲቪው ጀርባ ወይም ወለል ላይ ከሆነ ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት አውጡት። ብረት፣ መስተዋት፣ ኮንክሪትና ውሃ የዋይፋይ ጠላቶች ናቸው። ከፍ ያለ፣ ክፍት የሆነና ወደ ቤቱ መሐል የቀረበ ቦታ ፈልጉለት። አንድ ሜትር ማዛወር እንኳ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ አዛውራችሁ በፒንጉ እንደገና ለኩ።

የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ማየት ይሻላል፤ በስልኩ ላይ የሚታዩት መስመሮች ያታልላሉ። አንድሮይድ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባሉ አፖች አሉ። ማክ ላይ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ የዋይፋዩን ምልክት ስትጫኑ ዝርዝሩ ይመጣል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይጠነክራል። ከ-50 አካባቢ ግሩም ነው። እስከ -67 ለቪዲዮ ይሆናል። ከ-75 ከወረደ መቆራረጥ ይጠበቃል።

ቀጥሎ ባንድ፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበት የራዲዮ ሞገድ ክልል ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ግን የተጨናነቀ ነው። ብሉቱዝ እዚያ ነው፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ይጋፋል። የ5 ጊጋኸርዝ ባንድ ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። ቲቪው ራውተሩ ያለበት ክፍል ወይም ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ከሆነ 5 ላይ ይሁን። ብዙ ራውተሮች ሁለቱን በአንድ ስም ስለሚያወጡ ቲቪው ሳታውቁት 2.4 ላይ ተጣብቆ ሊኖር ይችላል። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለሁለቱ የተለያየ ስም ስጡና ቲቪውን ከ5ቱ ጋር ብቻ አገናኙት።

2.4 ላይ መቆየት ግድ ከሆነ ቻናሉን (ባንዱ ውስጥ ያለውን መስመር) 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉት። እርስ በርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። በአናላይዘሩ አፕ ከሦስቱ ሰው ያልበዛበትን ምረጡ። «3 ባዶ ነው» ብሎ 3 ላይ መግባት ከ1ም ከ6ም ጋር መጋጨት ነው። የቻናሉን ስፋት ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተዉት።

5 ላይ ሆናችሁ አልፎ አልፎ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚጠፋባችሁ ከሆነ የቻናሉን ቁጥር እዩ። ከ52 እስከ 144 ባሉት ቻናሎች ላይ ራውተሩ የራዳር ምልክት ከሰማ ቦታውን ለቆ እንዲወጣ በብዙ አገሮች ይገደዳል። ሲለቅ ቪዲዮው ይቆማል። ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱን ስትመርጡ ይህ አይነካችሁም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ነገር አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው የዩኤስቢ 3 መሣሪያዎችና ኬብሎች 2.4 ላይ የሚረብሽ ጫጫታ ያወጣሉ። የቲቪ ቦክሱ ጎን ወይም ራውተሩ ላይ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ካለ ነቅላችሁ ሞክሩ።

ሲግናሉ የማይደርስበት ክፍል ካለ ብዙዎች የዋይፋይ ማራዘሚያ ይገዙና እዚያው ክፍል ውስጥ ይሰኩታል። ማራዘሚያ የሰማውን ነው የሚደግመው። የሚሰማው ደካማ ከሆነ የሚደግመውም ደካማ ነው። ቦታው ከራውተሩና ከክፍሉ መሐል ነው። ርካሾቹ ደግሞ በአንድ ራዲዮ ስለሚቀበሉና ስለሚልኩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ቲቪው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ኬብል ዘርጉለት። ካት5ኢ የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይወስዳል። ብዙ ቲቪዎች ላይ ያለው የኬብል መሰኪያ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያልፍም፤ በመለኪያው ዋይፋዩ ቢበልጥ አትገረሙ። 4ኬ የሚፈልገው 20 አካባቢ ነው፤ ኬብሉ ደግሞ አይወላውልም። ቲቪው ከዋይፋዩ ሲወጣ ስልኮቹም ይተነፍሳሉ።

ደረጃ 6፦ መስመሩን የሚያጨናንቀው ማን ነው?

ወደ ላይ የሚላከውን ማንም አያስበውም። ስልኮች ቤት ሲገቡ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ መላክ ይጀምራሉ። የደህንነት ካሜራም እንዲሁ። የመላኪያ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከማውረጃው በጣም ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ ራውተሩ ውስጥ ሰልፍ ይፈጠራል። ቪዲዮ እያያችሁ ያለው ቲቪም ቀጣዩን ክፍል ለመጠየቅ መልእክት መላክ አለበት፤ ያ መልእክት ሰልፉ ላይ ቆሞ ይቀራል። ፋስት ዶት ኮም ላይ መስመሩ ሲጨናነቅ የታየው መዘግየት ከሥራ ፈቱ ብዙ እጥፍ ከሆነ ይህ ነው የገጠማችሁ።

ለማረጋገጥ የ8.8.8.8 መስኮቱን ክፍት አድርጋችሁ የስልኮቹን ባክአፕ አስቁሙ። 400 ይል የነበረው ወደ 30 ከወረደ አገኛችሁት። ባክአፑን ሰው በሚተኛበት ሰዓት እንዲሠራ አድርጉ። ራውተሩ ሰልፉን የሚያስተናብር ኪውኦኤስ ወይም ኤስኪውኤም የሚባል ሴቲንግ ካለው አብሩትና የመላኪያውንም የማውረጃውንም ገደብ በኬብል ከለካችሁት 90 በመቶ አካባቢ አድርጉት። ጥቂት ፍጥነት ትታችሁ መረጋጋት ታተርፋላችሁ፤ ለቪዲዮ ይህ ይበልጣል።

እግረ መንገዳችሁን ራውተሩ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ተመልከቱ። የማታውቁት ካለ ፓስወርዱን ቀይሩ።

ዲኤንኤስ ቀይሩ የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። ዲኤንኤስ አድራሻ ፈላጊ ነው፤ ቪዲዮው ከጀመረ በኋላ ሚናው ትንሽ ነው። መሐል ላይ ለሚቆም ቪዲዮ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

ሪስታርት መቼ?

አሁን ይቻላል። ራውተሩን ነቅላችሁ 30 ሰከንድ ቆዩና ሰኩት። በየጥቂት ቀኑ ካላደረጋችሁት የማይሠራ ከሆነ ግን በሽተኛ ነው። በእጃችሁ ንኩት፤ በጣም ከጋለ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ። ከዚያም ካልተሻለው መቀየር ያለበት ራሱ ራውተሩ ነው።

ደረጃ 7፦ ጥፋቱ የመስመሩ ሲሆን

በኬብል ተሰክታችሁ፣ ባክአፑ ቆሞ፣ የጉግሉ ፒንግ ብቻ የሚዘል ከሆነ እናንተ ቤት ውስጥ የምታስተካክሉት ነገር የለም። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ አካባቢው በሙሉ መስመሩን በአንድ ጊዜ እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ያለ ምንም ሥርዓት ከሆነ ደግሞ የላላ ወይም የተጎዳ ገመድ ይጠርጠር።

ለኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ስትደውሉ «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል» ብቻ አትበሉ። «ራውተሩን ሪስታርት አድርግ» ትባሉና ነገሩ እዚያ ያበቃል። ለተወሰኑ ቀናት ሰዓቱን፣ በኬብል የለካችሁትን ፍጥነትና የሁለቱን ፒንግ ፎቶ ያዙ። «በኬብል ነው የለካሁት፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ ነበር፣ የራውተሩ ፒንግ 2 ሚሊሰከንድ ላይ ሆኖ የውጭው ይጠፋል» ስትሉ ጨዋታው ይቀየራል።

እስኪስተካከል ድረስ ኳሊቲውን ከአውቶ አውጥታችሁ 480ፒ ወይም 720ፒ ላይ ቁርጥ አድርጉት፤ አፑ የሚፈቅድ ከሆነም ፊልሙን ቀድማችሁ አውርዱት። ቴክኒሺያን ከመጣ መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት የመጀመሪያው ነጥብ ላይ እንዲለካ ጠይቁት። እዚያ ደህና ሆኖ ራውተሩ ጋ ሲደርስ ከተበላሸ፣ መቀየር ያለበት በሁለቱ መሐል ያለው ገመድ ነው።